ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ወደ ባሕር ዳር የሄደ የአንድ የወጣቶች አገልግሎት ጉዞ

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለው የአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወደ ባሕር ዳር የከተማ አገልግሎት ጉዞ አዘጋጁ። እኔ የጉዞ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤዎቹ ዛሬም እኔ ዘንድ ናቸው። በኅዳር የጸደቀው ዕቅድ 44 ተጓዥ፣ አንድ ትልቅ አውቶቡስ፣ ሦስት የአገልግሎት ቦታና የአንድ ቀን የገዳም ጉብኝት ይላል። በጥር መጨረሻ የተፈጸመው ግን 16 ተጓዥ፣ አንድ ኮስተር፣ አንድ ቦታ ነው። ጉብኝት የሚባል የለም። በሁለቱ መካከል የሆነውን እጽፋለሁ፤ ተመሳሳይ ጉዞ የሚያስቡ ሰንበት ትምህርት ቤቶች እየደወሉ ይጠይቁኛል፣ ነገሩ ደግሞ በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

የኅዳሩ ዕቅድ

ዕቅዱ በወረቀት ሲታይ ያምራል። ሐሙስ መንገድ። ዓርብ ጠዋት በመናኸሪያው አካባቢ ለሚውሉና ለሚያድሩ ልጆች ምሳ፣ ከሰዓት ሆስፒታል ሄዶ ሕሙማንን መጠየቅ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከአባይ ማዶ ባለ አንድ ደብር የአብነት ተማሪዎችን ማጠብና ማልበስ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ገዳም። እሑድ ቅዳሴና መዝሙር፣ ሰኞ መመለስ።

ከሁሉ ይልቅ የተከራከርነው ስለ ገዳሙ ነው። መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል ተባለ፤ ለከተማው ቅርብ ነው፣ ጀልባውም አያስወጣም። ከዚያ አንዷ እኅት እጇን አውጥታ፣ «እኛስ? ከጀልባው ላይ ሆነን እጅ ልንነሣ ነው?» አለች። ክብራን ሴት አይገባም፤ ከ44ቱ ደግሞ 26ቱ ሴቶች ናቸው። ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዞርን። ይህን ለማስተካከል ሁለት ስብሰባ ሄደ። ስለ አብነት ተማሪዎቹ ግን በዚያ ሁሉ ስብሰባ የጻፍኩት ይህችን አንዲት መስመር ነው፦ «የቆሎ ተማሪዎች ንጽሕና፤ ሳሙና፣ ልብስ፤ ግማሽ ቀን።»

ቅድመ ጉዞ

ሰብሳቢያችን ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ሁለት ሰው ቀድሞ ሄዶ እንዲያይ አስወሰነ። በታኅሣሥ፣ በጾመ ነቢያት መካከል፣ እኔና ነርስ የሆነች እኅታችን ሄድን። የተቀበሉን የባሕር ዳሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ወደ ደብሩም የወሰዱን እነሱ ናቸው። ያኔ በአባይ ላይ ያለው አሮጌው ድልድይ ብቻ ነበር፣ በ2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ ድልድይ ገና ነው፤ በባጃጅ ተሰልፈን ግማሽ ሰዓት ቆመን ተሻገርን።

የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከቅጥሩ በስተጀርባ ናቸው። 31 ተማሪ አለ፤ ትንሹ 9 ዓመቱ ነው፣ ትልልቆቹ ጢም ያወጡ። ከየገጠሩ መጥተው አብዛኞቹ ዜማ ቤት ናቸው። በአንዲት ጎጆ ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ቁርበት ይተኛሉ፣ ደበሎአቸውን ይደርባሉ። ጠዋት አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየሰፈሩ ይዞራሉ፣ ያገኙትን ይዘው ተመልሰው ቃላቸውን ያጠናሉ።

ነርሷ ከልጆቹ ጋር ስታወራ ዐይኗ እጃቸው ላይ ነበር። አንዱን ትንሽ ልጅ መዳፉን አስከፍታ በጣቶቹ መሐል አየች፣ ከዚያ አንጓውን፣ ከዚያ ክርኑን። ሌሊት ሌሊት ይበላችሁ እንደሆነ ጠየቀች። ሳቁ፤ አንዱ «ሰዓታት እስኪደወል ድረስ እሱው ነው የሚቀሰቅሰን» አለ። ወደ እኔ ዞራ በዝግታ፣ «ይሄ እድፍ አይደለም፤ እከክ ነው። ያንተ ሳሙና አያድነውም» አለችኝ።

ጤና መኮንኑ ያለን

በማግሥቱ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ያለ አንድ ጤና መኮንን ጋ ሄድን። እሱ ለእከክ እንግዳ አይደለም፤ በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ እከክ በክልሉ ብዙ ወረዳዎች ወረርሽኝ ሆኖ ነበር፣ እሱም ያኔ ገጠር ነበር የሚሠራው። ዕቅዳችንን አነበበና ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። «ሐሙስ መጥታችሁ ሰኞ የምትሄዱ ከሆነ ግን ባትመጡ ይሻላል» አለ።

ምክንያቱን ሲነግረን በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። እከክን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ያህል ትንሽ ተባይ ናት፤ ሴቷ ቆዳ ውስጥ ቦይ ቆፍራ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላል። የምትተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ ነው፤ አራት ሆኖ በአንድ ቁርበት መተኛት ደግሞ ለእሷ ሠርግ ነው። መጀመሪያ የተያዘ ሰው ማሳከክ እስኪጀምረው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚቆይ፣ «እኔን አይበላኝም» ያለው ልጅም ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የሚያኩት ብቻ ሳይሆኑ አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ሌሊት መቀባት አለባቸው። ቅባቱ፣ 5 በመቶ ፐርሜትሪን፣ ከአንገት እስከ ውስጥ እግር ተቀብቶ ያድርና ጠዋት ይታጠባል። በሳምንቱ ይደገማል፤ የመጀመሪያው ዙር የሳታቸው እንቁላሎች ተፈልፍለው ሳይወልዱ ለመያዝ ነው። ልብሱ በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ የማይታጠበው ደግሞ አየር በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ተባዩ ከሰው ገላ ርቆ ከዚያ በላይ አይቆይምና።

«አሁን ቍጠር» አለኝ ጤና መኮንኑ። «ዓርብ ማታ ቀባሃቸው፣ ቅዳሜ አጠብካቸው፣ ሰኞ ሄድክ። ሁለተኛውን ቅዳሜ ማን ይዞታል?»

ለእኔ የጉዞው ነገር የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የአምስት ቀኑን ልክ ያወጣነው ከአውቶቡሱ ኪራይና ከሥራ ፈቃዳችን ነው። ማንም ከተማሪዎቹ ገላ ጀምሮ ወደ ኋላ አልቈጠረም።

ውሃ፣ ደበሎ፣ ልብስ

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ወለደ።

ተማሪዎቹን ሐይቁ ዳር ወስደን ልናጥብ ነበር ያሰብነው፤ ጣና አጠገብ ተቀምጦ ስለ ውሃ የሚያስብ ማን አለ? ነርሷ ይህን ገና ስትሰማ ከለከለች። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው በቆዳው ሰርጎ ይገባል። አንዱን በሽታ አድናለሁ ብሎ ልጅን እስከ ጉልበቱ ጣና ውስጥ ማቆም ሌላ ማሸከም ነው። (እዚያው ግቢ ያሉ አንዲት እማሆይ «ልብሱንማ በእንዶድ እጠቡት» ሲሉ፣ ነርሷ ፈገግ አለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር በእንዶድ ያገኙት ዐድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው።) ስለዚህ የቧንቧ ውሃ። ለአንድ ተማሪ ለገላና ለልብስ ሁለት ጀሪካን ብለን ብናስብ 31 ተማሪ 62 ጀሪካን ነው፣ 1,240 ሊትር፤ ያውም ልብሱ በፈላ ውሃ። የደብሩ ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያውቁት የባሕር ዳሮቹ ልጆች ናቸው፤ ከአንድ ምእመን ባዶ ሮቶ ተውሰው ከሰኞ ጀምሮ በየሌሊቱ ሊሞሉ ቃል ገቡ።

ደበሎ ቢፈላ ይበላሻል። መታሰር አለበት። ሦስት ቀን ታሰረ ማለት ግን ተማሪው ሦስት ሌሊት የሚደርበው የለውም ማለት ነው፤ የጥር ሌሊት ደግሞ ባሕር ዳርም ቢሆን ይበርዳል። ስለዚህ 31 ብርድ ልብስ። ልብሱን ስናፈላበት ደግሞ ልጁ ምን ይለብሳል? አብዛኞቹ የለበሱት ብቻ ነው ያላቸው። ከአዲስ አበባ ሰብስበን የነበረው ልብስ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ሙሉ ነው፤ የኔታ አንዱን አወጡና ደረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍና ሥዕል በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይህን ለብሶ ውዳሴ ማርያም ይደግም?» አሉ። ከረጢቱን መልሼ አሰርኩት።

የኔታ

የኔታን ስለ በሽታው ያናገሩልን የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ እኛ ብንለው ስድብ ይመስል ነበር። የኔታ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «አውቀዋለሁ። ጠበል አጠምቃቸዋለሁ፣ ይታገሥላቸውና ይመለሳል» አሉ። ነርሷ ጠበሉ ይቅር አላለችም፤ ጠበሉም ይቀጥል፣ ቅባቱም ይቀባ፣ ነገር ግን በተቀቡበት ሌሊት ውሃ አይንካቸው አለች። በዚህ ተስማሙ።

ከዚያ የራሳቸውን ቃል አስቀመጡ። ፎቶግራፍ የሚባል አይነሣም፣ ቪዲዮም። በከተማው እከክ የሚለው ስም አይነገር። «አንድ ጊዜ የመጡ ልጆች አንሥተው በስልክ በተኑት» አሉ፤ እነማን እንደሆኑ አልጠየቅንም። «እነዚህ ልጆች የሚበሉት ከሰው ደጅ ነው። ልጆቼን እከካሞች ናቸው ብላችሁ ካስወራችሁብኝ ማን ቍራሽ ይሰጣቸዋል?» ለሚሰፋው ልብስም መልኩን ነገሩን፦ እጀ ጠባብና ሱሪ፣ ነጭ ሳይሆን ቡላ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ ጽፌ ብቻ ያዝኩ።

አንድ ነገር ቀረ። የኔታና ቤተሰባቸው ከልጆቹ ጋር ነው የሚውሉት፣ መቀባት አለባቸው። የኔታ፣ «እኔ እከክ የለብኝም» አሉ ቆጣ ብለው። ማንም መልስ አልነበረውም። በኋላ ነርሷ፣ «የኔታ፣ አንቱ ቀድመው ከተቀቡ ልጆቹ አያፍሩም» አለቻቸው። ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ብልህ ነሽ ልጄ» አሉ። በዚህ አለቀ።

አዲስ አበባ ላይ

የባሕር ዳሩ ነገር ከአዲስ አበባው ይቀል ነበር። ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፦ መናኸሪያውና ሆስፒታሉ ይሰረዙ፣ ዘጌ ይቅር፣ ተጓዡ ከ44 ወደ 16 ይውረድ፣ በአውቶቡስና በኮስተር ኪራይ መካከል ያለው ልዩነት፣ የጀልባውና የምግቡ ገንዘብ ተደምሮ ወደ ብርድ ልብስ፣ ወደ ቅባትና ወደ ጨርቅ ይዙር። ከ16ቱ ሁለት ሰው እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ ባሕር ዳር ይቆይ።

የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ተነሥቶ፣ «ሁለት ወር ያጠናነው መዝሙር ለማን ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ልጆቹ ከሥራ በኋላ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እየቆዩ ነው ያጠኑት። አንድ አባት ልጃቸው ከስሙ ዝርዝር ስትወጣ ገንዘቡን አስመለሱ፤ ተገቢ ነበርና መለስን። ዕጣ ይውጣ የሚል ሐሳብ መጣ። ሰብሳቢው ዕጣውን እንቢ አለ፤ የሚሄደው ሥራው ተቈጥሮ ነው አለ፦ ስንት ሰው ውሃ ያፈላል፣ ስንት ያጥባል፣ ስንት ስም እየጠራ ይመዘግባል። ሥራው ሲቈጠር 16 ሆነ። ያለ ሥራ የተጨመረ አንድ ሰው የለም፣ ሰብሳቢውም ራሱን አላስገባም። አሁንም ድረስ በዚህ የተቀየሙ አሉ፤ ቅያሜያቸውን አላቃልለውም። ሁለት ልጆች ከዚያ በኋላ ወደ ጉባኤ አልተመለሱም።

ቀኑን ለመቁረጥ የቀን መቁጠሪያ ዘረጋን። የጥምቀት ሰሞንና የጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ተማሪዎቹ ማኅሌት ላይ ናቸው፣ አይነኩም። ጾመ ነነዌ በዚያ ዓመት የሚገባው የካቲት 11 ነበር። በመካከል ካሉት ቅዳሜዎች ሁለቱን ያዝን፦ ጥር 25 እና የካቲት 2።

የመጀመሪያው ዙር

ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የአባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርደን ወደ ደጀን ስንወጣ የኮስተሩ ውሃ ፈላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ደረስን፣ አደርን። ዓርብ ቀኑን ሙሉ እንጨት፣ በርሜል፣ ጀሪካን። ሮቶው ግማሽ ብቻ ሞልቶ ነበር፤ የቀረውን በጋሪ አስመጣን።

ማታ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ራት፤ ከተቀቡ በኋላ እጅ ታጥቦ ከተበላ የእጁ ቅባት ይጠፋልና፣ በሽታው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ጣት መሐል ነው። ከዚያ የኔታ ከቤታቸው ተቀብተው ወጥተው በልጆቹ ፊት ተቀመጡ። ወንዶቹ አገልጋዮች ከጤና መኮንኑ ጋር በየጎጆው ገቡ፤ እኅቶች ደጅ ሆነው ስም እየጠሩ ቱቦ ይቈጥራሉ፣ አዲስ ልብስና ብርድ ልብስ ያድላሉ፣ የወለቀውን ይቀበላሉ። ትልልቆቹ ለየራሳቸው አንድ አንድ 30 ግራም ቱቦ፣ ለትንንሾቹ ከዚያ ያነሰ። ደበሎው ሁሉ በፕላስቲክ ከረጢት ታሰረ፣ ስም ተለጠፈበት።

ጠዋት 1 ሰዓት መታጠብ ተጀመረ። ልብሱ ሲፈላ ከበርሜሉ የሚወጣው ውሃ ቡና ይመስል ነበር።

ሁለት ስሕተት ሠራን፣ ሁለቱም የእኛ ናቸው። ጨርቁን የገዛው ወንድማችን ቡላ ሲወደድበት ነጭ አቡጀዲ ገዛ፤ በነጭ ተሰፋ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተማሪዎቹ በነጩ ለብሰው ለልመና ወጡ። አንዱ አኮፋዳው ባዶ ሆኖ ተመለሰ፤ አንዲት እናት፣ «ዛሬስ ሙሽራ መስለሃል፣ ምን ጎደለህና?» ብለው መለሱት። ያኔ ነው የኔታ ለምን ቡላ እንዳሉ የገባኝ። ያን ቀን ሰንበት ትምህርት ቤቶቹ ምሳና ራት ቻሉ፣ እማሆይ ደግሞ ነጩን ሁሉ በሻይ ቅጠል ውሃ ነክረው ቡላ አደረጉት። ሁለተኛው ስሕተት ስለ ብርዱ ነው። 31 ብርድ ልብስ ለ31 ተማሪ ብለን ነበር፤ ቅዳሜ ሌሊት ግን አንድ የመንደር እንግዳ፣ የአንዱ ተማሪ ወንድም፣ መጥቶ ሲያድር ልጁ ብርድ ልብሱን ለእሱ ሰጥቶ የራሱን ደበሎ ከከረጢቱ ፈትቶ ለበሰ። ተቀብቶ ታጥቦ ወደ ዱሮው ደበሎ ተመለሰ ማለት ነው። ማን ይቆጣዋል? እንግዳ አይውደቅ ነው ያለው። እንግዳውም ተቀባ፣ ደበሎውም እንደገና ታሰረ።

ሰኞ 14ታችን ተመለስን። ነርሷና አንድ ወንድም ቀሩ።

ሁለተኛው ዙር

በሳምንቱ መካከል ነርሷ ደወለች። ሁለት ነገር ነበራት። አንደኛ፣ ልጆቹ አሁንም ያካሉ፣ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ማለት ጀምረዋል። ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ ተባዩ ከሞተ በኋላም ቆዳው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊያሳክክ ይችላል። የእኛ ጥፋት ይህን ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት አለመናገራችን ነው። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ አራት አዲስ ተማሪዎች ከሌላ ጉባኤ ቤት መጥተው ገብተዋል፤ ሦስቱ ያካሉ። የአብነት ተማሪ መምህር እያማረጠ ይዞራል፣ ወጉ ነው፤ በዕቅዳችን ግን 31 የሚለው ቁጥር የቆመ ነበር።

የካቲት 1 ዓርብ ማታ ቅባቱ ተደገመ፣ ለአራቱም ጭምር። ቅዳሜውን ሙሉ በሙሉ የያዙት የባሕር ዳሮቹ ልጆች ናቸው፤ 22 ሆነው መጡ፣ ውሃውንም በጊዜ ሞልተውት ነበር። ከእኛ ዐሥራ ስድስታችን የተሻለ ሠሩ፤ ነርሷ ያለችኝ ይህንኑ ነው። አራቱ ሁለተኛ ቅባታቸው ገና ስለሚቀራቸው ቱቦው ለእነሱ ቀረ፣ በሳምንቱ የካቲት 9 እነዚያው ልጆች ሄደው ጨረሱት።

በወሩ መጨረሻ ጤና መኮንኑ ሁሉንም ዳግመኛ አየ። አዲስ ቦይ የታየበት በሁለት ልጆች ብቻ ነው፤ ሁለቱም በዚያ ሰሞን ለተዝካር ወደ አገራቸው ሄደው የተመለሱ ናቸው። እንደገና ተቀቡ። የኔታ ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ሥርዓት አወጡ፦ አዲስ የሚገባ ተማሪ ደበሎው በከረጢት ታስሮ ሦስት ቀን ከዋናው ጎጆ ውጭ ይሰቀላል፣ እሱ የደብሩን ብርድ ልብስ ይደርባል፣ ጤና ጣቢያም ደርሶ ይመጣል። ለዚህ የሚሆን አራት ብርድ ልብስ ለይተው በዕቃ ቤት አስቀምጠዋል።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ስደውልላቸው ምን ይዘን እንምጣ አልኳቸው። ብርድ ልብስ አላሉም፣ ሳሙናም። ከደብሩ ቧንቧ እስከ ጎጆዎቹ ድረስ 60 ሜትር የውሃ መስመርና የራሳቸው ሮቶ ነው የጠየቁት። ለዚያ ደግሞ ማንም መጓዝ አያስፈልገውም። በጉባኤ ሳነብበው ከኋላ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ፣ «ዘንድሮማ ጭራሽ ቀረን!» አለና ሁሉም ሳቀ። ገንዘቡን በማሰባሰብ ግን ግንባር ቀደም የሆነው እሱ ነው።